የይለፍ ቃሉ ልጁ ጋ ነው

እስራኤል ውስጥ ያለችው የአሽዶድ ከተማ ሰፈሮች ስማቸው የዕብራይስጥ ፊደል ነው። ሮቫ አሌፍ፣ ሮቫ ቤት፣ ሮቫ ጊሜል እያለ ይሄዳል፤ አሥር ከሞላ በኋላ ደግሞ ፊደል ከፊደል እያጣመረ ሮቫ ዮድ አሌፍ፣ ሮቫ ዮድ ቤት ይላል። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1956 የቆረቆሩት ሰዎች አንድ ቀን ፊደል ያልቆጠረ የወገራ ገበሬ መጥቶ ይኖርባታል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። እኛ ቤተ እስራኤሎች ግን መጣን። አውቶቡስ ላይ "የት ነው የምትወርዱት?" ስንባል ፊደል መጥራት ግድ ሆነ። ደግነቱ ለእኛ የደረሰን አሌፍ ነው። አንዲት ፊደል የያዘ ሰው ቤቱ ይገባል። ዮድ ቤት የደረሳቸው ዘመዶቻችን ሁለት መማር ነበረባቸው፤ እስከ ዛሬም ከእኛ ይልቅ የተማሩ ይመስላቸዋል።

ከአሌፍ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ሁሉ የሚያነብልን ልጅ ነው። ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲነሣ፣ ትልልቆቹ ቋንቋቸውን ይዘው ገቡ፤ ልጆቹ ግን ዓመት ሳይሞላ አዲሱን ቋንቋ አጥልቀው ብቅ አሉ። ከዚያ በኋላ በሕክምናው፣ በባንኩ፣ በብሔራዊ መድኅኑ መስኮት ፊት የአሥር ዓመት ልጅ ቆሞ ስለ አባቱ ወገብ ሕመም ሲያስረዳ ማየት ተለመደ። የቤቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ ሆነ። የገንዘብ ሚኒስትሩም ቀስ በቀስ እሱው ሆነ።

ያኔ ግን ቢያንስ ወረቀት ነበረ። ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ በእጅ ይያዛል፣ ይታጠፋል፣ ራስጌ ይቀመጣል። ያልተማረ አባትም ቢሆን ገለጥ አድርጎ ቀይ ቀለም የበዛበት መሆኑን ያያል፤ ቀይ በየትኛውም ቋንቋ ቀይ ነው። የልጁ ትርጉም ካልጣመው ደረጃውን ወርዶ የሞሮኮዋን ጎረቤት ያስነብባታል። እሷም በማይገባው ቋንቋ፣ ፊቷን አጨፍግጋ፣ በሚገባ ታስረዳዋለች።

ዛሬ ወረቀት የለም። መምህሯ መቅረቱንም፣ ማርፈዱንም፣ በክፍል ውስጥ ስልክ መነካካቱንም የምታሳውቀው ማሾቭ በሚባለው መተግበሪያ ነው። ማሾቭ ያለው አባትየው ስልክ ላይ ነው። የጫነው ግን ልጁ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ያወጣው ልጁ ነው፤ መልእክት ሲመጣ ከፍቶ የሚያነበውም ልጁ ነው። እንግዲህ መምህሯ "ልጅዎ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስልክ ሲጫወት ተገኝቷል" ብላ ትጽፋለች። ከአባትየው ስልክ "ስላሳወቁን እናመሰግናለን፤ ቤት ውስጥ እንመክረዋለን" የሚል የጨዋ መልስ ይሄዳል። አንዱ ጎረቤቴ ነገሩን የደረሰበት በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው፤ መምህሯ ከመቀመጫዋ ተነሥታ "እንዴት ያማረ ዕብራይስጥ ነው የሚጽፉት!" ብላ ስታመሰግነው።

በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር ለወላጆች የሚሰጠውን ገለጻ እንግዲህ በዚህ ዓይን እዩት። የኢንተርኔት ደኅንነት ቀን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2004 አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ አሁን ከመቶ በላይ አገሮች ያስቡታል። የእስራኤል ትምህርት ቤቶች አንድ ቀን አልበቃ ብሏቸው ሳምንት አድርገውታል። ማታ ማታ ወላጆች ይጠራሉ፤ አንዲት ባለሙያ ሥዕል በግድግዳ ላይ እያሳየች ትናገራለች፤ እኛ ኋላ ወንበር ላይ እንደረደራለን፤ ልጆቻችን በመሐል ገብተው ይተረጉማሉ። አንድ ማታ ሴትየዋ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትተነፍስ ተናገረች። ስልክ መኝታ ክፍል አይደር አለች፤ የይለፍ ቃሉን እናንተም እወቁት አለች፤ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያገናኙ ጨዋታዎች የትኞቹ እንደሆኑ አንድ በአንድ ጠራች። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ልጃቸውን "ምን አለች?" አሉት።

"ልጆቻችሁን እመኑ አለች።"

"ይህን ሁሉ ተናግራ ይህ ብቻ ነው?"

"ዕብራይስጥ ቃል ያበዛል፣ አባዬ።"

ወላጁ ከልጁ ቀድሞ ይሄዳል፣ ልጁ ከኋላ ይከተላል ተብሎ የተሰናዳ ምክር እኛ ቤት ሲደርስ በር ላይ የሚቀበለው ልጁ ነው። እሱ ፈትሾ ካላሳለፈው አይገባም።

ያ ማታ ከተነገረው ሁሉ ወላጁን ያነቃነቀው የ13 ዓመት ነገር ነው። ቲክቶክም ሆነ ኢንስታግራም ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አልቀበልም ይላሉ። የዚህ ቁጥር ሥር አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ መረጃ አትሰብስቡ ይላል። ኩባንያዎቹም ፈቃድ ከመለመን ይልቅ ልጁን "ስንት ዓመትህ ነው?" ብለው መጠየቅ ቀለላቸው። ማን ሊመልስ ነው? አሁን እኛ ልጅን በዚህ መቆጣት ይከብደናል። አያቱ እስራኤል ሲገባ የልደት ቀኑን አያውቅም ነበር፤ ሲወለድ አዝመራ እንደነበረ፣ የአንበጣው ዓመት እንደነበረ ነው የሚያውቀው። መዝጋቢው ፊቱን አየት አድርጎ፣ ሽበቱን ገምቶ፣ አንድ ዓመት ጻፈለት። ከእኛ መካከል በግምት የተወለደ ብዙ ሰው አለ። የልጅ ልጁ ደግሞ ለቲክቶክ የራሱን ዕድሜ ገመተ። ልዩነቱ መዝጋቢው አያቱን አሳንሶት ጡረታውን ማዘግየቱ፣ ልጁ ራሱን አሳድጎ ጨዋታውን ማፍጠኑ ብቻ ነው።

ይኸው የግምት ልደት ለይለፍ ቃልም ውሏል። ባለሙያዋ "የልደት ቀናችሁን የይለፍ ቃል አታድርጉ፤ ሌባ በቀላሉ ይገምተዋል" ስትል ኋላ ወንበር ላይ ሳቅ ተሰማ። የእኛን ልደት እንኳን ሌባው እኛም ገምተን አላገኘነውም። እውነቱን ለመናገር ግን የይለፍ ቃሉ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ተለጥፎ ስለሚገኝ፣ የባንኩም የሕክምናውም የማሾቩም አንድ ስለሆነ፣ ሌባው መገመት አያስፈልገውም፤ ውሃ ልጠጣ ብሎ ቢገባ ይበቃዋል።

አንድ አባት እጁን አውጥቶ ጠየቀ። በከተማችን ሐሲድ የሚባሉት አጥባቂ አይሁዶች ብዙ ናቸው፤ የሚይዙትም ኮሸር ስልክ ነው፤ የረቢዎች ኮሚቴ ምልክት ያለበት፣ ኢንተርኔት የሌለው፣ የጽሑፍ መልእክት እንኳን የማይልክ፣ መደወልና መመለስ ብቻ የሚያውቅ። "ለልጆቻችን ይህን ብንገዛላቸውስ?" አለ። ጥያቄው የተነገረው በአማርኛ ነበር። ከተደረደሩት አስተርጓሚዎች አንድም አፉን የከፈተ አልነበረም።

ደግሞ ልጆቹን ብቻ አንክሰስ። ስልክ አያያዝ ይማሩ ከተባለ ትልልቆቹ ፊት ወንበር መቀመጥ አለባቸው። አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን አፉ ፊት ይዞ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ከጎንደር ከመጣ የድምፅ መልእክት ጋር የሚነጋገረው የስድሳ ዓመት ሰው ነው። "ይህን ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ ክፉ ያገኝሃል" የሚለውን ለአሥር ብቻ ሳይሆን ለጥንቃቄ ለሃያ የሚልከውም እሱ ነው። የነጭ ሽንኩርት መድኃኒት፣ ከሦስት ዓመት በፊት የሞተ ሰው የለቅሶ ጥሪ፣ በየትኛው አገር እንደደረሰ ያልታወቀ ጎርፍ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ያልፋል። አገር ቤት ሳለን ሕፃን ከሰው ዓይን ይጋረድ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ነጠላ ይጣልበታል። አሁን ልጁ ከእናቱ ጎን ገና አንድ ሌሊት ሳያድር አያቱ ፎቶውን ለማታውቀው ሕዝብ ሁሉ በትናለች። የሰው ዓይን የጠፋ ይመስል!

አንዲት አክስት አሉን። አንድ ቀን ስልካቸው ላይ "ዕቃዎ ደርሷል፤ ጉምሩኩን ለመጨረስ ይህን ተጭነው ጥቂት ሼቄል ይክፈሉ" የሚል ከፖስታ ቤት የመጣ መሳይ መልእክት ገባ። እሳቸው ዕቃ አላዘዙም፤ ነገር ግን ደስ አላቸው። ከጎንደር በርበሬ ተልኮልኛል አሉ። ካርዳቸውን አውጥተው ልጁን "ቁጥሩን አስገባልኝ" ሲሉት፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ስልኩን ነጠቃቸው፤ "ሌቦች ናቸው፣ እንዳትነኪው፣ አጥፊው" አለ። አክስታችን ልጁን ሳምንት ሙሉ አኮረፉት። ሌባው ሊወስድ የነበረውን ሒሳብ አላስታወሱም፤ ያላመጣላቸውን በርበሬ ነው ያስታወሱት። ያው ልጅ በዚያው ሳምንት፣ የስልክ ጨዋታ ውስጥ ለተዋወቀው "ጓደኛ" የትምህርት ቤቱን ስምና የሚመለስበትን ሰዓት ነግሮት ተገኘ። የሌላውን ወጥመድ ከሩቅ የሚያይ ልጅ የራሱ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ይፈዛል፤ የእሱ ወጥመድ ጉምሩክ አይጠይቅም፣ "ዛሬ ስንት ነጥብ አገባህ?" ብሎ ነው የሚጀምር።

ስልኩን ቀምቶ ቁም ሣጥን ላይ መስቀልስ? ይህ ምክር አሽዶድ ውስጥ ከባድ ነው። ከጋዛ ሮኬት ሲተኮስ እኛ ያለን ጊዜ 45 ሰከንድ ነው፤ አስቀድሞ የሚጮኸውም አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ነው። ሮቫ አሌፍ ከከተማዋ ቀደምት ሰፈሮች አንዱ ስለሆነ ብዙው ሕንፃ አሮጌ ነው፤ ማማድ የሚባለው የተጠናከረ ክፍል የለውም፤ ወደ ደረጃው ወይም ሚክላት ወደሚባለው መጠለያ ነው የሚሮጠው። 45 ሰከንድ ለወጣት ብዙ ነው፤ ነጠላ ለምትፈልግ አያት ግን ምንም አይደለም። ስለዚህ ልጁን "ስልክህን አስቀምጥ" ያለች እናት ከሰዓት በኋላ ደውላ "ለምን አታነሣም!" ትላለች፤ ሁለቱም ላይ እውነት አላት።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የጋዛው ጦርነት ሲጀመር የታጋቾች ቪዲዮ ሊለቀቅ ይችላል ተብሎ፣ ወላጆች ቲክቶክና ኢንስታግራምን ከልጆቻቸው ስልክ ላይ እንዲያጠፉ የሚያሳስብ መልእክት በየወላጆች ቡድን ተሰራጨ። ቀልድ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም፤ ልጅ አይቶት የማይረሳው ነገር አለ። አንድ ቤት መልእክቱ ደረሰ። ልጁ ለአባቱ ቃል ሳያጎድል ተረጎመለት። "እንግዲያው አጥፋ" አለው አባትየው። ልጁም ታዘዘ። ቲክቶኩን አጠፋ፣ ኢንስታግራሙን አጠፋ፣ ከአባቱ ስልክ ላይ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ከጎንደር ጋር የምንገናኝበት መስመር ፀጥ ብሎ ነበር፤ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ። አያቶች ስልካቸውን ይዘው ወደ ልጆቹ መጡ። ልጁ ስልኩን አጥፍቶ አበራ፣ የቤቱን የኢንተርኔት ሣጥን ነቅሎ ሰካ፣ "ከእኛ አይደለም፤ እዚያ ተዘግቶ ነው" አለ። አያቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "አንተ የማትከፍተው ነገርም አለ?" አሉት። እዚህ እንዴት እንዝጋው እያልን በምንሰበሰብበት ሰሞን፣ እዚያ ድምፅ ለመስማት ኮረብታ የሚወጣ ዘመድ ነበረን።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ቤተ እስራኤል ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሁሉን ዘር ያውቃል። ይህ ለሠርግ መልካም ነው፤ ለአንድ መጥፎ ፎቶ ግን የተዘረጋ መንገድ ነው። ስልክ ላይ ሴት ልጅን ወዳጅ መስሎ ቀርቦ ፎቶ ከወሰደ በኋላ "ለዘመዶችሽ እልከዋለሁ" የሚል አስፈራሪ አለ። ለአንዲት የፈረንጅ ልጅ ዘመድ ማለት ፋሲካ ማዕድ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ለእኛዋ ልጅ ግን ዘመድ ማለት ከክርያት ጋት እስከ ነታንያ ያለ ሕዝብ ነው። የአስፈራሪው ጉልበት በዘመድ ብዛት የሚለካ ከሆነ እኛ ላይ ጎልያድ ሆኖ ነው የሚነሣው። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ ዝም ትላለች፤ እናቲቱም ነገሩን ብትደርስበት "ነውራችን አይውጣ" ብላ ዝም ታሰኛታለች። እሱ ደግሞ የሚበላው ያንኑ ዝምታ ነው።

ሽማግሌ የሚላክበትን ጉዳይ ሽማግሌ ይጨርሰዋል ብለን የኖርን ሰዎች ነን። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የክፍል ጓደኛውን የማይሆን ቪዲዮ ቡድን ላይ ለቀቀና ሁለቱ ቤተሰቦች እንደ ወጉ ሽማግሌ ተቀመጡ። ይቅርታ ተጠየቀ፣ ጉልበት ተሳመ፣ ቡና ተጠጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጨረሻ ላይ "እንግዲህ ቪዲዮውን አምጡትና ይቃጠል" አሉ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለሽማግሌው ቪዲዮ የሚቃጠል ነገር አለመሆኑን ለማስረዳት ከእርቁ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። በሕጉ በኩል ያለውንም ያን ዕለት ሰሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ የወጣው የእስራኤል ሕግ የሰውን የብልግና ምስል ያለ ፈቃዱ ማሰራጨትን እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፤ ተቀብሎ ያስተላለፈም "እኔ አልቀረጽኩም" ብሎ አያመልጥም።

ያን ማታ ከባለሙያዋ ንግግር ያለ አስተርጓሚ የገባን አንድ ነገር ቢኖር ቁጥር ነው። 105። ልጆች በኢንተርኔት ላይ ሲጠቁ ወይም ሲያስፈራሯቸው የሚደወልበት፣ ፖሊስ ከትምህርትና ከማኅበራዊ ደኅንነት ባለሙያዎች ጋር አብሮ የሚቀመጥበት፣ ቀንም ሌሊትም የሚመልስ መሥመር ነው። ፊደል ያልቆጠሩት ሁሉ ያዙት፤ 100 ፖሊስ፣ 101 አምቡላንስ፣ 102 እሳት አደጋ ብለው ከያዙት ጋር ደረደሩት። ልጁ ጣልቃ ገብቶ "ይህ ቁጥር እንኳን ለእናንተ አይደለም" ሊል ሲሞክር አዛውንቱ "ይህን አንብቤዋለሁ" አሉት። እኔ ከዚያ ሁሉ ሥዕል ይልቅ ይህቺን ቁጥር ደጋግሞ ማስያዝ በበቃ እላለሁ፤ ሌላው ምክር ለተማረ ቤት የተሰፋ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም ገለጻ ሳይሰጠን እናውቃለን። ሰንበት። አገር ቤት ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋ ነበር፤ ውሃ አይቀዳም፣ መንገድ አይኬድም። ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው መጽሐፋችን የተጻፈው ለዚህች ቀን ክብር ነው። ዛሬ ልጆቹ እንደ አያቶቻቸው አይጠብቁም፤ ነገር ግን አያታቸው ቤት ዓርብ ማታ የገባ ልጅ ስልኩን በር አጠገብ ካለው መሶብ ውስጥ ያስቀምጣል። አይከራከርም። የሮኬቱ ሳይረን ነገርም መላ አለው፤ ሰንበት ለሚጠብቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ፀጥ ብሎ የሚውል፣ አደጋ ሲመጣ ብቻ የሚናገር የሬዲዮ ሞገድ አለ። መጀመሪያው ሰዓት ላይ ልጁ እጁን ኪሱ ይከታል፣ ያወጣል፣ እንደገና ይከታል። ቆይቶ ዳቦው ይቆረሳል፣ ወሬ ይመጣል፣ ማን ከማን እንደተወለደ መተረክ ይጀመራል።

ከዚያ ቤት ልጆች አንዱ የአያቱን ቡና ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቅቆ ነበር። ጉርድ ስኒዎቹ፣ ጀበናዋ፣ "ሁለተኛው ሳይጠጣ የሚሄድ ሰው እንግዳ አይደለም" ብላ የምትቆጣው ቁጣ ሁሉ አለበት። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ እንደታየ ስልኩን ከመሶቡ አውጥቶ አሳያት።

"እማማ፣ ከሺህ ሰው በላይ ይከተልሻል!"

"የማን ልጆች ናቸው?"

"አላውቃቸውም።"

"የማታውቀውን ሺህ ሰው ቤቴ አስገብተህ ቡናዬን አሳየህ?" አለችና አጠገቧ አስቀመጠችው። አንድ በአንድ ስማቸውን እንዲጠራ አዘዘችው። እሱ ይጠራል፤ እሷ "የማን ልጅ? አባቱስ? ከየት አገር?" ትላለች፤ መልስ ያልተገኘለት ይወጣል። ሴት መሳይ ፎቶ የለጠፉ ጢማሞች ወጡ፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ ወጡ፣ "ቆንጆ አያት፣ የት ነው የምትኖሩት?" ብሎ የጻፈው ከሁሉም አስቀድሞ ወጣ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ገጹ ተቆልፎ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ቀሩ፤ ሁሉም ዘራቸው ተቆጥሮ የታወቀ።

ልጁ ተንፍሶ ስልኩን ሊዘጋ ሲል "ቆይ፣ ቆይ፣ ያችን መልሳት" አለችው። "እሷንማ አውቃታለሁ። የአያትህ ወገን ናት፤ ለቅሶው ላይ አልመጣችም። አውጣት።"